የተኛች ጉጉት ያላሳየኝ ባይኖኩላር

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳገላብጥ እውላለሁ። አንዲት ዜሮ ቦታዋን ከሳተች ከሩቅ ትታየኛለች። እንዲህ ያለሁት ሰው ባይኖኩላር፣ ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር፣ ልገዛ ሄጄ በቁጥር ተሸወድኩ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ላይ 8×42 ይላል። ሌላው ላይ 20×50። 20 ከ8 ይበልጣል። 50 ከ42 ይበልጣል። የ20×50 ዋጋ ግን ከሌላው ግማሽ በታች ነው። በዚያ ላይ ሌንሱ እንደ ሩቢ ድንጋይ ቀይ ሆኖ ያብለጨልጫል። ሻጩም "ይሄ እኮ ጨረቃን ጎረቤት ያደርግልሻል" አለኝ። ምን እጠብቃለሁ? ከፈልኩና ወጣሁ።

ከዚያ የመጀመሪያው የወፍ ጉዞዬ መጣ። ጎህ ሲቀድ ጫካ ዳር ቆመናል። ስድስት ሰዎች ነን፣ አስጎብኚው ሰባተኛ። አስጎብኚው ድንገት እጁን አነሳና በሹክሹክታ ወደ አንድ ትልቅ ዛፍ ጠቆመ። ጉጉት። ከግንዱ ጋር ተለጥፋ ተኝታለች። ብትርቅ 20 ሜትር ነው። ሁሉም ባይኖኩላሩን አነሳ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። እኔም አነሳሁ። ቅጠል። ቅርንጫፍ። ሌላ ቅጠል። ልቤ በመታ ቁጥር ዛፉ በሙሉ ይዘላል።

"እህቴ፣ አዩዋት?" አለኝ አስጎብኚው።

"እየፈለግኳት ነው።"

"ግንዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ይምጡ። ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ።"

ግንዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ራሱ አላገኘሁትም። አምስት ደቂቃ ፈለግኩ። የምትበር ወፍ ብትሆን እሺ ይሁን። የተኛች ጉጉት እኮ ናት!

አጠገቤ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና የራሳቸውን ከአንገታቸው አወጡ። "እስኪ ልጄ፣ ይቺን ያዢ" አሉኝ። ያረጀች፣ ቆዳዋ የተላላጠ፣ ትከሻዋ ሰፊ ባይኖኩላር። የአምራቿ ስም በመዳፍ ብዛት ተፍቋል። የቀረው ጽሑፍ 8×30 የሚለው ብቻ ነው። አነሳኋት። ዛፉ ሙሉውን ገባልኝ። መንታው ግንድ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ፣ ከዚያ ጉጉቷ። አንድ ዓይኗን በግማሽ ገልጣ እኛኑ ታያለች። ደረቷ ላይ ያለው ነጠብጣብ ሳይቀር ይቆጠራል።

ቤት ስገባ ነገሩን አልተውኩትም። የሒሳብ ሰው ሒሳቡን ሳያወራርድ እንቅልፍ አይወስደውም።

የመጀመሪያው ቁጥር ማጉያው ነው። 8 ማለት 80 ሜትር ላይ ያለችው ወፍ 10 ሜትር ላይ እንዳለች ያህል ትታያለች ማለት ነው። 20 ሲሆን ያቺው ወፍ 4 ሜትር ላይ ትመጣለች። እስከዚህ ድረስ እኔ ትክክል ነበርኩ። ግን መሣሪያው ወፏን ለይቶ አያጎላም። የእጄን መንቀጥቀጥም በዚያው ልክ 20 ጊዜ ያጎላዋል። እጅ ደግሞ ሁሌም ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሽ አለ፣ የልብ ምት አለ። ብዙ ሰው ያለ ድጋፍ አረጋግቶ መያዝ የሚችለው እስከ 10 ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ይፈልጋል።

ሌላው ጣጣ ስፋቱ ነው። የእኔው ዕቃ የእይታ ስፋቱ 3 ዲግሪ ነው። 1 ዲግሪ 1000 ሜትር ላይ 17.5 ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ የእኔው እዚያ ርቀት ላይ 52 ሜትር ያሳያል። ሳጥኑ ላይ ሲነበብ ብዙ ይመስላል። ጉጉቷ ግን ያለችው 20 ሜትር ላይ ነበር፤ እዚያ 1 ሜትር ብቻ ነው። ያን ትልቅ ዛፍ በአንድ ሜትር ቀዳዳ ነበር ስፈትሸው የቆየሁት። 8 ዲግሪ ያለው ባይኖኩላር እዚያው ላይ 2.8 ሜትር ይሰጣል። የክብ ነገር ስለሆነ፣ ክቡ የሚሸፍነው ቦታ ሲሰላ ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። ወፍ ማየት ማለት መጀመሪያ ወፏን ማግኘት ነው፤ ይህን ደግሞ የሚወስነው ስፋቱ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት። 50 የተባለው 38 ሆኖ ተገኘ! ደረሰኝ ቢሆን ኖሮ ኦዲተር አስጠራ ነበር።

አሁን ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው አካፍሉት። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ይመጣል። ይቺ ቁጥር ሳጥኑ ላይ በትልቁ አትጻፍም፤ ለእኔ ግን ዋናዋ እሷ ናት። ባይኖኩላሩን እጃችሁን ዘርግታችሁ ያዙትና ወደ ብሩህ ሰማይ አዙሩት። በዓይን በኩል ባለው ሌንስ ላይ ትንሽ ነጭ ክብ ታያላችሁ። ያቺ ክብ ስፋቷ 5.25 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ወደ ዓይናችሁ የሚገባው ብርሃን በሙሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው።

የዓይናችን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይጠብባል። ሲጨልም ይከፈታል። ወጣት ሰው እስከ 7 ሊደርስለት ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን 5 አካባቢ ይቆማል። የእኔው 38 ለ20 ሲካፈል 1.9 ነው። በዚያ ጎህ ብሌኔ 5 ተከፍቶ ሲጠብቅ 1.9 ብቻ ደረሰው። የሚሰላው ክቡ የሚሸፍነው ቦታ ስለሆነ፣ ሊያገኘው ይችል ከነበረው ብርሃን አንድ ሰባተኛውን ነው ያገኘው። ቅጠሎቹ ሁሉ ግራጫ የሆኑብኝ ለዚህ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ቢሆን ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰማም ነበር። ግን ወፍም ሆነ ነብር የሚንቀሳቀሰው መቼ ነው? ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ነው።

ሰፊዋ ክብ ሌላም ጥቅም አላት። ዓይን ትንሽ ወዲያ ወዲህ ቢል ምስሉ አይጠፋም። በሚናጥ መኪና ወይም ጀልባ ላይ ይህ በጣም ይታወቃል። መርከበኞች 7×50 የሚይዙት ወደው አይደለም።

ቀዩ ሌንስስ? እሱን ቶሎ ልለፈው። ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ እየመለሰ ምስሉን አረንጓዴ የሚያደርግ ጌጥ ነው። ለወፍ ተመልካች፣ የላባ ቀለም ለሚለይ ሰው፣ ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

ታዲያ 8 ወይስ 10? ይህ ጥያቄ ቤተሰብ ይበትናል። እኔ 8 ነኝ። ታላቅ ወንድሜ 10 ነው። አንድ ሐይቅ ዳር ሆነን እግረ ረጃጅም ወፎች እያየን ነበር። "እግሯ ላይ ቀለበት አላት፣ ታየሽ?" አለኝ። ተመራማሪዎች እንቅስቃሴዋን ለመከታተል የሚያስሩላት ቀለበት ነው። እኔ እግሯን አየሁ፤ ቀለበቱን አላየሁም። ያን ቀን ወንድሜ ሲጎርር ዋለ። በማግስቱ ጫካ ገባን። ትንንሽ ወፎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። እኔ አራት ዓይነት አየሁ። እሱ "የት ነው? የት ነው?" ሲል ዋለ።

የ10×42 ክብ 4.2 ሚሊሜትር ነው፣ የእይታ ስፋቱም ብዙውን ጊዜ 6 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው። ሜዳ፣ ባሕር ዳርቻ፣ ተራራ ላይ የሚያንዣብብ ንስር፣ እነዚህ ላይ 10 ዋጋ አለው። ለጫካ፣ ለመኪና፣ ለጀልባ፣ ለጀማሪ 8 ይሻላል። አንድ ብቻ ግዢ ብባል 8 እገዛለሁ። ወንድሜም 10 ይላል፤ እጁ ግን እንደ ድንጋይ የጸና ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ፀሐይ ከፍ ብሎ መሬቱ ሲግል አየሩ እንደ ውሃ ይርገበገባል። ያኔ ማጉያው በበዛ ቁጥር የሚጎላው ያው መርገብገቡ ነው። እኩለ ቀን ላይ ወንድሜም ባይኖኩላሩን አስቀምጦ ጥላ ይፈልጋል።

ስለ ፊቴ ላውራ። ይህን ማንም አልነገረኝም።

መነጽር አደርጋለሁ። መነጽር ያደረገ ሰው ዓይኑን ከባይኖኩላሩ ሌንስ ጋር ማስጠጋት አይችልም፤ መሃል ላይ የራሱ መስታወት አለ። ስለዚህ ባይኖኩላሩ ምስሉን ትንሽ ራቅ አድርጎ መስጠት አለበት። የዕቃው ወረቀት ላይ "አይ ሪሊፍ" የሚባለው ይህ ነው። መነጽር ለሚያደርግ ቢያንስ 15 ወይም 16 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ባይኖኩላሬ 10 እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም። ከዚያች 1 ሜትር ቀዳዳ ላይ እኔ የማየው መሃሏን ብቻ ነበር። በቁልፍ ቀዳዳ እንደማጮለቅ ነው። መነጽር ካላችሁ በዓይን በኩል ያለውን ላስቲክ ወደ ታች ግፉት ወይም አዙራችሁ አስገቡት። መነጽር ከሌላችሁ ወደ ላይ አውጡት። ላስቲኩን ሳይነካ ዓመታት የሚያሳልፍ ሰው አለ።

ሌላው በሁለቱ ብሌኖች መሃል ያለው ርቀት ነው። የብዙ አዋቂ ሰው 63 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የእኔ 55 ነው፤ ፊቴ ጠባብ ነው። ብዙ ባይኖኩላሮች ደግሞ ታጥፈው ታጥፈው 56 ወይም 57 ላይ ይቆማሉ። 1 ሚሊሜትር ምን ታመጣለች አትበሉ። ምስሉ አንድ ክብ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ይሆንና ጠርዙ ላይ ጥቁር ጥላ ሲመጣ ሲሄድ ይውላል። አንዱን በጣም የወደድኩትን፣ ሰው ሁሉ ያመሰገነውን ባይኖኩላር በዚህ ምክንያት መልሻለሁ። ለልጅ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የምታጣሩት ይህን ነው። መነጽር ያሠራችሁበት ወረቀት ላይ ቁጥሩ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ከሌለ በመስታወትና በማስመሪያ ይለካል።

ክብደት ላይ ደግሞ ሰው ራሱን ያታልላል። ጥሩ 8×42 ብዙውን ጊዜ ከ650 እስከ 850 ግራም ነው። ለአምስት ደቂቃ ምንም አይደለም። ለስድስት ሰዓት አንገት ላይ ሲንጠለጠል ግን ሌላ ነገር ነው። 8×32 ደግሞ ከ450 እስከ 600 ግራም ይመዝናል፤ ክቡ 4 ሚሊሜትር ነው። ብርሃን ሲያንስ ከ42ቱ ትንሽ ይሸነፋል። ብዙ በእግር የሚሄድ ሰው፣ ሻንጣው የሞላበት ሰው፣ እሱን ቢይዝ አይጸጸትም። የኪስ ባይኖኩላር፣ ለምሳሌ 10×25፣ ክቡ 2.5 ነው። ለቀትር ይሆናል። ሆቴል ውስጥ የተኛ 42 ግን ከኪስ ባይኖኩላርም አይሻልም። እኔ መጨረሻ ላይ 8×42 ገዛሁና የአንገት ማንጠልጠያውን ጣልኩት። በምትኩ በሁለቱ ትከሻ የሚታሰር፣ ጀርባ ላይ የሚጋጠም ቀበቶ አደረግኩ። ባይኖኩላሩ ደረት ላይ ይቀመጣል፣ አንገት ነፃ ይሆናል። ይህን ከመጀመሪያው ባውቅ ኖሮ ለፊዚዮቴራፒ የከፈልኩት ይተርፈኝ ነበር።

አሁን ትንሽ ወደ ውስጡ እንግባ። የአዛውንቱ ባይኖኩላር ትከሻዋ ሰፊ ነበር ብያለሁ። ምክንያቱ ፕሪዝሟ፣ ብርሃኑን የሚያጥፈው የውስጥ መስታወት ነው። ፕሪዝም ባይኖር ምስሉ ተገልብጦ ይታይ ነበር። ኢግናሲዮ ፖሮ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1854 ምስሉን መልሶ የሚያቀና የፕሪዝም አደራደር ፓተንት አወጣበት። የጀርመኑ ሌንስ አምራች ዛይስ ደግሞ በዚያው ዘዴ የተሠራ ባይኖኩላር በ1894 ለገበያ አቀረበ። ብርሃኑ ወደ ጎን ታጥፎ ስለሚሄድ ትከሻው ይሰፋል። ዛሬ የምናያቸው ቀጥ ያሉ ቱቦ መሳዮች ደግሞ የጣሪያ ቅርጽ ያለው ፕሪዝም ነው ያላቸው። ቀጠን ይላሉ፣ ውሃ እንዳያስገቡ መድፈንም ይቀላል። ግን ይህ ፕሪዝም ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ መልሶ ሲያጋጥም ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል። መፍትሔው ፕሪዝሙ ላይ የሚቀባ ስስ ሽፋን ነው፤ እሱንም ዛይስ በ1988 አመጣው። ዛሬ በመካከለኛ ዋጋም ይገኛል። ዋጋው እኩል ርካሽ ከሆነ ግን ትከሻ ሰፊው አሁንም ብዙ ጊዜ የጠራ ምስል ይሰጣል። ከዝናብ መጠበቅ ብቻ ነው።

ሌንሶቹ ላይም ሽፋን አለ። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። ብርሃኑ ዓይናችን ጋ እስኪደርስ አሥር ገጽ ቢያልፍ አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ "ፉሊ መልቲኮትድ" የሚለውን ፈልጉ። ሁሉም ገጽ በተደራራቢ ሽፋን ተቀብቷል ማለት ነው። "ኮትድ" ብቻ ካለ አንዱ ገጽ ብቻ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ቃላቱ ይመሳሰላሉ፤ ልክ እንደ ውል ውስጥ ትንንሽ ፊደል ነው።

ውሃ የማያስገባ መሆኑ ቅንጦት አይደለም። እርጥበት ወዳለበት ጫካ ስሄድ የድሮው ባይኖኩላሬ ውስጡ ላበው። ከውጭ ብጠርገው ምን ዋጋ አለው? ላቡ ያለው በውስጥ ነው። ሁለት ቀን ዕውር ሆኜ ዞርኩ። ጥሩዎቹ ውስጣቸው በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ተሞልቶ ይደፈናል፤ እርጥበት ስለሌለ አይደበዝዝም። "አይፒኤክስ7" ካለ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ አይገባበትም ማለት ነው። ይህም ሆኖ በማቀዝቀዣ ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ ሞቃት አየር ይዛችሁት ብትወጡ ከውጭ በኩል ያልበዋል። ያ ጉዳት የለውም፤ ግን ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ ወፏ ደግሞ አትጠብቅም። እኔ ጎህ ሳይቀድ ከክፍል አውጥቼ በረንዳ ላይ አብሬው እቀመጣለሁ።

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ባይኖኩላር አሪፍ ነው። መብራቱ ደማቅ ነው፣ ግድግዳው ቅርብ ነው። በር ላይ ወጥቼ ልይ ብላችሁ ጠይቁ። ጥላ ያለበት ጥግ ፈልጉና እዚያ ያለውን ነገር ለመለየት ሞክሩ። ሰማይ ጀርባው የሆነ ሽቦ ወይም ቀጭን ቅርንጫፍ እዩ፤ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ መስመር ከበዛ መስታወቱ ቀለሞቹን በደንብ አልሰበሰበም። ያቺን ነጭ ክብ እዩዋት፤ ጠርዟ የተቆረጠ፣ ወደ አራት ማዕዘን የሚሄድ ከሆነ ፕሪዝሙ ብርሃን እያስቀረ ነው። ቅርብ ያለ ነገር፣ ከዚያ ሩቅ፣ ከዚያ ቅርብ እያያችሁ የፎከስ ማዞሪያውን አሽከርክሩ። ጣት ሳይቸገር መዞር አለበት፤ መሃል ላይ የሚይዝ ወይም የሚላላ ከሆነ ተዉት። ከሁሉ በላይ ለአምስት ደቂቃ ያለማቋረጥ እዩበት። ዓይናችሁ ውስጥ የመጎተት ስሜት ከመጣ ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ቦታ አያዩም ማለት ነው። ዓይን ያን ሊያስተካክል ሲታገል ራስ ምታት ይመጣል። በፀሐይ አቅጣጫ ግን በጭራሽ እንዳታዩ። ዓይን ይጠፋል።

ያልተባለ ነገር ቢኖር ዙም ያለው፣ ማለትም ማጉያው ከፍ ዝቅ የሚል ባይኖኩላር ነው። አትግዙ። እንደዚሁም ፎከስ አያስፈልገውም የሚባለውን፣ በሌሊት ያሳያል ተብሎ ተለጣፊ የተለጠፈበትን፣ ማጉያው በመቶ የሚቆጠረውን። ስለ ውዶቹ ደግሞ ከተጠየቅኩ፣ ከርካሽ ወደ መካከለኛ ሲዘለል ልዩነቱ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ከመካከለኛ ወደ ውዱ ያለውን ለማየት ግን ምሽት መጠበቅ፣ የምስሉን ጠርዝ መመርመር ያስፈልጋል። ቁጠባ ካላችሁ አልከለክላችሁም። እኔ መካከል ላይ ቆሜአለሁ። እጁ በጣም ለሚንቀጠቀጥ ሰው ግን የተለየ መንገድ አለ፤ ካኖን በባትሪ ምስሉን የሚያረጋጉ ባይኖኩላሮች ይሠራል። 10×42ቱ ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ባትሪም ይበላል። ቁልፏን ሲጫኑ ግን ዓለም ቀጥ ይላል። በአንድ መንገደኛ ባይኖኩላር ሞክሬው ተደንቄአለሁ።

አንዲት ጓደኛዬ ባይኖኩላር ራሴን ያመኛል እያለች ለዓመታት ሳትይዝ ቆየች። ተቀብያት ሳየው የቀኝ ዓይን ማስተካከያው እስከ ጥግ ዞሯል። ዳዮፕተር የሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ በቀኝ ዓይን በኩል ባለው ሌንስ ሥር ያለች ቀለበት ናት። "ቀኙን ሸፍኚና በግራሽ ብቻ እዪ" አልኳት። ጥቃቅን ነገር ያለበት ምልክት ላይ በመሃሉ ማዞሪያ አጠራች። "አሁን ግራውን ሸፍኚ። መሃሉን እንዳትነኪ። ቀለበቷን ብቻ አዙሪ፣ እዚያው ምልክት ላይ።" አዞረች። ከዚያ በሁለቱም አየች። ዝም አለች። "ለካ እንዲህ ነው እንዴ?" አለች በመጨረሻ። የቀለበቷን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግንባት፤ ቦርሳ ውስጥ ስትታሽ እንዳትዞር።

ወፍ የማግኘት ዘዴ ደግሞ ከአዛውንቱ ነው የተማርኩት። ወፏን በዓይናችሁ ካያችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ባይኖኩላሩ ወደ ዓይን ይምጣ እንጂ ዓይን ወደ ባይኖኩላሩ አይውረድ። እኔ ጎንበስ ብዬ ባይኖኩላሬን እያየሁ አነሳ ነበር፤ ቀና ስል ወፏ የለችም። ክርናችሁን ደረት ላይ አጣብቁት። ኮፍያ ካላችሁ በአውራ ጣት የኮፍያውን ጫፍና ባይኖኩላሩን አብራችሁ ያዙ፤ መንቀጥቀጡ በግልጽ ይቀንሳል።

መኪና ውስጥ ከሆናችሁ ሾፌሩን ሞተር አጥፋልን በሉት። በተዘጋ መስኮት አትዩ፤ የመኪና መስታወት ምስሉን ያዛባዋል። ክንድ መስኮቱ ላይ፣ ባይኖኩላሩ ክንድ ላይ። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኜ ቁጥቋጦ ሥር ግማሽ ሰዓት ያየሁት ነገር ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ከጀርባው ግን የነብር ጅራት ወጣ።

ማጽዳቱ ላይ ብዙ አልናገርም። መጀመሪያ አቧራውን በንፋስ ወይም ለስላሳ ብሩሽ አንሱት፣ ከዚያ ብቻ በስስ ጨርቅ ጥረጉ። በሸሚዝ ጫፍ የሚጠርግ ሰው ሌንሱን በአሸዋ እየሞረደው ነው። እርጥበት ቦታ ላይ ሲቀመጥ ሻጋታ ሌንሱ ውስጥ ይበቅላል፤ ከቦርሳው ጋር እርጥበት የምትመጥ ከረጢት አስቀምጡ። አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ ያዙት።

የገዛሁት 8×42 እስከ 2 ሜትር ድረስ ቅርብ ያለ ነገር ያሳያል። ስገዛው ይህን ቁጥር ዘልዬው ነበር። ባለፈው ጉዞ ወፍ ጠፍቶ ሁላችንም ሰልችቶን ቆመን ሳለ እግሬ ሥር ቢራቢሮ አረፈች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩና ግማሽ ሰዓት እሷን አየሁ። ክንፏ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቅርፊት ይለያል ብል ማጋነን ይሆናል፤ ምላሷን ስትጠቀልል ግን አይቻለሁ።

ከዚያ አስጎብኚው ሌላ ነገር አሳየኝ። መሬት ላይ የወደቀች ላባ አነሳ። ባይኖኩላሩን ገልብጦ፣ በፊተኛው ሌንስ በኩል ዓይኔን እንዳደርግ ነገረኝ። የዓይን በኩል ያለውን ሌንስ ወደ ላባዋ አስጠጋው፣ ጣት ስፋት እስኪቀር። "ቀስ ብለው ያቅርቡት" አለ። ሲጠራ ላባዋ ማጉያ መነጽር ሥር እንዳለች ሆነች። እንደ ማበጠሪያ የተሰካኩ ጥርሶች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ይዞት። ሁላችንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ላባዋን ካነሳት ቦታ መልሶ አስቀመጣት፤ ከፓርኩ ምንም አይወጣም። እኛም ወደ መኪናው ሄድን።